ወደ ጁል በዙሪያ ጥምጥም፦ አንዲት መንኮራኩር አምስት ጊዜ ያጠፋሁበት ጉዞ

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የሚባለውን ሮኬት ሠርቶ የመንዳት የኮምፒውተር ጨዋታ የምትጫወቱ ሰዎች ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ሮኬቱ ተሠርቷል፣ ተወንጭፏል፣ ሳይፈነዳ ምህዋር ገብቷል። ደስ ብሏችሁ ካርታውን ትከፍታላችሁ። በጨዋታው ውስጥ ሩቅ ወዳለው ግዙፍ ፕላኔት ወደ ጁል የሚወስደውን መንገድ ትሞክራላችሁ። የሚያስፈልገውን ዴልታ ቪ ታያላችሁ፣ የቀራችሁን ታያላችሁ። አይደርስም።

ለጀማሪዎች፣ ዴልታ ቪ ማለት በያዛችሁት ነዳጅ ፍጥነታችሁን በጠቅላላው ምን ያህል መቀየር እንደምትችሉ የሚናገር ቁጥር ነው። የምንነሳባትን ፕላኔት ከርቢንን በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከሚዞር ምህዋር ተነስቶ በቀጥታ ወደ ጁል ለመሄድ 1,930 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። የእኔ መንኮራኩር የቀራት 1,400 ነበር። የምጫወተው በካሪየር ሞድ ስለሆነ ሌላ ትልቅ ሮኬት የምሠራበት ገንዘብ አልነበረኝም። ያለችኝን ይዤ መላ መፈለግ ነበረብኝ።

መላው የስበት እገዛ ነው፤ ተጫዋቾች ግራቪቲ አሲስት የሚሉት። ሲያወሩት ቀላል ነው። ፕላኔት አጠገብ ታልፋላችሁ፣ ፕላኔቷ ትወረውራችኋለች፣ ነዳጅ አይነካም። እኔም በአንድ ምሽት የምጨርሰው መስሎኝ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያቺን መንኮራኩር አምስት ጊዜ አጠፋኋት፤ አምስት ጊዜም ከሴቭ አስነሳኋት። ይህን የምጽፈው ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱን እንድትድኑ ብዬ ነው። ሁለቱን ሳታጠፉ መማር የሚቻል አይመስለኝም።

መጀመሪያ የሞከርኩት በከርቢን ጨረቃ በሙን ነው። ቅርብ ናት፣ መንገዷን አውቀዋለሁ። ሐሳቤም ሙን አጠገብ ሳልፍ ወደ ውጭ ትወረውረኛለች የሚል ነበር። መስመሩን አስተካክዬ፣ በጣም ተጠግቼ፣ አለፍኩ። ሙን ወረወረችኝ፤ ግን ወደ ከርቢን። መንኮራኩሯ በቀጥታ ወደ ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች። ሙቀት መከላከያ አልነበራትም፤ ጁል የምትሄድ መንኮራኩር ሙቀት መከላከያ ምን ያደርግላታል ብዬ አልጫንኩትማ።

ምን ነካት ብዬ ብዙ ፈለግሁ። ነገሩ የገባኝ በአውቶቡስ ነው። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ነው እንበል። መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ከአውቶቡሱ ትንሽ የዘገያችሁ ሆናችሁ ትታያላችሁ። አሁን አንዱን ምሰሶ ይዛችሁ ዞር በሉና በዚያው እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱ። አውቶቡስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ፍጥነታችሁ አልተለወጠም፤ አቅጣጫችሁ ብቻ ነው የዞረው። መንገድ ዳር ለቆመው ሰው ግን ከአውቶቡሱ የፈጠናችሁ ሆናችኋል። ፕላኔቷ ምሰሶዋ ናት። የምትሰጣችሁ ፍጥነት ሳይሆን መዞሪያ ነው። ከፕላኔቷ አንጻር በገባችሁበት ፍጥነት ትወጣላችሁ። ከፀሐይ አንጻር የምታተርፉት ወይም የምትከስሩት በየት በኩል እንደዞራችሁ ነው።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል። ፕላኔቷ ከምትጓዝበት አቅጣጫ ከኋላዋ ካለፋችሁ ታተርፋላችሁ። ከፊቷ ካለፋችሁ ትከስራላችሁ። እኔ ያለፍኩት ከሙን ፊት ነበር። ይኸው ነው።

(ትርፉ ከየት መጣ ለምትሉ፦ ከፕላኔቷ ነው። በእውነተኛው ዓለም ፕላኔቷ በጣም፣ በጣም ትንሽ ትቀንሳለች። በጨዋታው ግን ፕላኔቶቹ በሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ናቸው፤ ምንም አይሆኑም። ስለዚህ በነጻነት ስረቁ።)

በነገራችን ላይ ሙንን ለዚህ ሥራ ተዉአት። ከ100 ኪሎ ሜትር ምህዋር እስከ ሙን 840 ገደማ ያስፈልጋል። ከከርቢን ስበት ጨርሶ ለመውጣት ደግሞ 930። ሙን ብትሳካላችሁ እንኳ የምታተርፉት 90 ነው፤ ለዚያውም የምትወጡበትን አቅጣጫ መምረጥ ራስ ምታት ነው። መለማመጃ ትሁን። ከኋላና ከፊት ማለፍ ምን እንደሚመስል በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ አንድ ምሽት ስጧትና እለፉ።

ከዚያ ወደ ኢቭ ዞርኩ። ኢቭ ለፀሐይ ከከርቢን ትቀርባለች፣ ከባድ ናት፣ ለመዞር የተመቸች ናት። ወደ ውጭ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ውስጥ መግባት የሚገርም ነው፤ ግን ብዙ እውነተኛ መንኮራኩሮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። ነዳጅ ቆጣቢ ነኝ ብዬ ወደ ኢቭ የሚወስደውን ርካሹን መንገድ ያዝኩ። 1,025 ገደማ ብቻ ነው የፈጀብኝ። መስመሩ የኢቭን ምህዋር ልክ ጫፉ ላይ ነክቶ የሚመለስ፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። ደርሼ ከኋላዋ አለፍኩ። ወጥቼ ካርታውን ሳየው ምህዋሬ ከከርቢን ምህዋር አንድ እርምጃ አላለፈም። ከፍታውን ቀያየርኩ። 5,000 ኪሎ ሜትር፣ 1,000፣ 200። ምንም። እንዲያውም አንዳንዱ ይባስ ወደ ፀሐይ ይጎትተኛል።

ሴቩን መልሼ ጫንኩና የባሰ ሞኝነት ሠራሁ። ካልቀረብኩ ነው እንጂ ብዬ 75 ኪሎ ሜትር ላይ ሰደድኳት። ከርቢን ላይ ከባቢ አየሩ 70 ላይ ያበቃል፤ ኢቭም እንዲሁ መስላኝ ነበር። የኢቭ ከባቢ አየር እስከ 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ተገንጥለው ሄዱ፣ አንቴናው ተከተላቸው። የተረፈችው ባትሪዋ እስኪያልቅ የምትንሳፈፍ ቆርቆሮ ናት። ሦስተኛዋ እንዲህ ሆነች።

ስለዚህ ከማንኛውም ፕላኔት አጠገብ ከማለፋችሁ በፊት ከባቢ አየሩ የት እንደሚያበቃ እዩ። ከርቢን 70፣ ኢቭ 90፣ የጁል ጨረቃ ሌይዝ 50፣ ጁል 200 ኪሎ ሜትር። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስክሪኑ አጠገብ ለጥፉት። እኔ ለጥፌዋለሁ።

ግን ዋናው ጥያቄ ቀረ። ኢቭ ለምን ምንም አልሰጠችኝም? ሁለት ምሽት ተቀመጥኩበት። መልሱ እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ነበር። ርካሹ መንገድ ኢቭ ጋ የሚያደርሰኝ ከእሷ ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው። ኢቭ በሰከንድ 10,900 ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ እኔ በዚያው አቅጣጫ 11,760 እየሄድኩ እደርሳለሁ። ማለትም አውቶቡሱ ውስጥ ቀድሞም ወደ ፊት እየተራመድኩ ነው የገባሁት። ምሰሶውን ይዤ ብዞር ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ነው የምሄደው። የሚተርፍ ነገር የለም። የስበት እገዛ የሚጠቅመው ፕላኔቷን አቋርጦ፣ በጎን ለሚመጣ ነው።

ስለዚህ ከከርቢን ስትነሱ ትንሽ አባክኑ። በእኔ ጉዞ ከርካሹ በላይ የጨመርኩት 35 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው፤ 1,025 የነበረውን 1,060 አደረግሁት። መስመሩ የኢቭን ምህዋር ነክቶ መመለሱን ትቶ ሰንጥቆት ገባ። ከኢቭ አንጻር የነበረኝ ፍጥነት ከ845 ወደ 1,400 ገደማ ዘለለ፤ የምመጣውም በጎን ሆነ። አሁን የሚዞር ነገር አለ። ከኋላዋ ሳልፍ ምህዋሬ ከከርቢን ምህዋር አልፎ ወደ ውጭ ተዘረጋ። ያን ምሽት ለብቻዬ አጨብጭቤያለሁ።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። የሚበጀው ከፍታ በጣም ሩቅ ነበር፤ 3,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ያ ሁሉ ልጠጋ ስል ያጠፋሁት ጊዜ በከንቱ ነው። በጣም ስትቀርቡ ከሚገባው በላይ ትዞራላችሁ። እንደ በር እጀታ አስቡት፤ ለመክፈት የሚበቃውን ያህል ነው የሚዞረው።

አራተኛዋ የጠፋችው በችኮላዬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሁሉም ተስተካክሏል፣ ከኢቭ በኋላ ከርቢን ጋ ተመልሼ እንደምገናኝ ካርታው ያሳያል። እኔ ታይም ዋርፑን፣ ማለትም የጨዋታውን ጊዜ ማፍጠኛ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ወደ ኢቭ የስበት ክልል በዚያ ፍጥነት ስገባ መስመሩ ተንሸራተተ። ጨዋታው በአንድ ጊዜ የአንድ አካልን ስበት ብቻ ነው የሚያሰላው። ከፀሐይ ወደ ኢቭ የሚሸጋገርበት ድንበር ላይ በትልቅ ዋርፕ ከዘለላችሁት የምትገቡበት ቦታ ይሳሳታል። 3,000 የነበረው ቅርብ ነጥቤ 1,900 ሆኖ ተገኘ። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ምን አላት አልኩ። ብዙ አላት። እዚህ ጋ ያለች ትንሽ ስህተት ከወራት በኋላ ከርቢንን በሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ታስታለች። ለማስተካከል 300 ጠየቀኝ። አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። አንደኛ፣ ድንበሩ ጋ ከመድረሴ በፊት ዋርፑን ወደ 50 እጥፍ ዝቅ አደርጋለሁ። እስክሻገር እጄን ከቁልፉ አላነሳም። ሁለተኛ፣ የማስተካክለው ገና ሩቅ ሳለሁ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የከርቢን ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ልትደርሱ 50 ቀን ሲቀራችሁ ፍጥነታችሁን በ1 ሜትር በሰከንድ ብትቀይሩ የምታልፉበት ቦታ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይሸሻል። ያንኑ ለውጥ ደርሳችሁ ልታደርጉት ብትሞክሩ የምትከፍሉት ብዙ እጥፍ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ሞተሩ ራሱ ይበዛል፤ ነካ ስታደርጉት 5 ሜትር ይሰጣችኋል። ሞተሩ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጉና የግፊት ገደቡን ወደ 1 ወይም 2 በመቶ አውርዱት። አሥረኛ ሜትር ድረስ መቆጣጠር ትችላላችሁ። ስትጨርሱ መልሱት። እኔ ሳልመልሰው ቀርቼ አንዴ ዋናውን ማቃጠል በ1 በመቶ ግፊት ጀምሬ ምን ሆና ነው የማትሄደው ብዬ ደንግጫለሁ።

ስለ ካርታው አንድ ሁለት ነገር ልበልና ልቀጥል። በካሪየር ሞድ የመከታተያ ጣቢያውንና የተልዕኮ መቆጣጠሪያውን ካላሳደጋችሁ እነዚህን መስመሮች ማየትም ማቀድም አትችሉም። ሌላው፣ ጨዋታው ሲጫን ወደ ፊት የሚያሳየው ሦስት የመስመር ክፍል ብቻ ነው። ከአንድ ፕላኔት በላይ ለምትሄዱ አይበቃም። ሴቲንግ ፋይሉን ክፈቱና ኮኒክ ፓች ሊሚት የሚለውን ቁጥር ወደ 6 ከፍ አድርጉት። እኔ ይህን ያወቅሁት ከአራተኛዋ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በጨለማ ነበር የምነዳው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርታው ላይ የምታልፉባትን ፕላኔት ጠቅ አድርጋችሁ እይታውን እሷ ላይ አድርጉት። ማኑቨር ኖዱን፣ ማለትም ቀጣዩን ማቃጠል የምታቅዱበትን ምልክት፣ ስትነካኩ መስመሩ በፕላኔቷ ዙሪያ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ወዲያው ታያላችሁ። ከፀሐይ በላይ ሆናችሁ ብታዩት የክር ጫፍ ፍለጋ ነው።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ከኢቭ ወጥቼ ከርቢን ጋ ደረስኩ። ከእሷ አንጻር ፍጥነቴ 2,550 ነበር። ይህ ትልቅ ነው፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ቢዞር ጁል ጋ ሊያደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። እኔም በቃ፣ አለቀ ብዬ 72 ኪሎ ሜትር ላይ አሳለፍኳት። ከዚያ በታች ከባቢ አየር ነው። ምህዋሩ ተዘረጋ፣ ፕላኔቷን ዱናን አለፈ፣ ቀጣይዋ ድሬስ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ጁል ገና እሩቅ ነው።

አምስተኛዋ መንኮራኩር ይህች ናት። አልተቃጠለችም፣ አልተሰበረችም። ዝም ብላ ፀሐይን ትዞራለች። ይህችኛዋ ነው ከሁሉም ያናደደችኝ፤ ምክንያቱም ስህተቱን ማየት አልቻልኩም። ከኋላ አልፌያለሁ፣ በጎን መጥቻለሁ፣ በተቻለ መጠን ቀርቤያለሁ።

ችግሩ ፍጥነቱ ራሱ ነበር። ፈጥናችሁ ስትመጡ ፕላኔቷ እናንተን ለማዞር ጊዜ አታገኝም። በ2,550 ፍጥነት ከርቢን ልታዞረኝ የምትችለው ቢበዛ 52 ዲግሪ ያህል ነው። እኔ የምፈልገው ከ90 በላይ ነው። በአንድ ማለፍ አይሆንም። ቁጥሩ እምቢ ካለ እምቢ ነው።

እዚህ ጋ ነው ጋሊሊዮ የደረሰችልኝ። ሰውየውን አይደለም፣ መንኮራኩሯን። ጋሊሊዮ ወደ ጁፒተር የተላከችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1989 ነው። በቀጥታ የሚያደርስ ጉልበት አልነበራትም። ስለዚህ የካቲት 10 ቀን 1990 በቬነስ አለፈች፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1990 በምድር አለፈች፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1992 እንደገና በምድር አለፈች፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1995 ጁፒተር ገባች። (ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ሁለቱን የምድር ቀኖች እዩአቸው። በቀን አይለያዩም። ልክ ሁለት ዓመት።

ያን ሳይ ነቃሁ። በመጀመሪያው ማለፍ ፀሐይን በትክክል በሁለት ዓመት የሚዞር ምህዋር ውስጥ ትገባላችሁ። እናንተ አንድ ዙር ስትጨርሱ ፕላኔቷ ሁለት ዙር ትጨርስና እዚያው የተለያያችሁበት ቦታ ላይ ትገናኛላችሁ። ያልተጠናቀቀውን መዞር ትጨርሱታላችሁ። ያኔ የእኔ መንገድ ስም ወጣለት፤ ከርቢን፣ ኢቭ፣ ከርቢን፣ ከርቢን፣ ጁል። ቬነስን በኢቭ፣ ምድርን በከርቢን ተኩት፤ ራሷ ጋሊሊዮ ናት።

የከርቢን ዓመት 426 ቀን ነው፤ ሁለቱ 852። ስለዚህ በመጀመሪያው ማለፍ ላይ 72 ኪሎ ሜትሩን ተውኩና ከፍታውን እያነሳሁ የምህዋሩ ርዝመት 852 ቀን እስኪሆን ጠበቅሁ። 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ መጣልኝ። አያችሁ፣ እዚህም መራቅ ነበር የሚያስፈልገው።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ቀኑ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ጁል ራሱ እዚያ ከሌለ ምን ዋጋ አለው? እኔ በመጀመሪያ ዛሬ ተነስቼ ወደ ፊት ነበር የማሰላው። አይሠራም። ከጁል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከርቢንና ጁል ለጉዞ የሚመቹበት ጊዜ በየ467 ቀኑ ገደማ ይመለሳል። አንዱን ምረጡ፤ የመጨረሻው የከርቢን ማለፍ ያ ነው። ከእሱ 852 ቀን ቀንሱ፤ የመጀመሪያው የከርቢን ማለፍ ነው። ከዚያ በፊት ኢቭ ጋ የምትደርሱበትን፣ ከዚያም የምትነሱበትን ፈልጉ። የኢቭ መንገድ የሚከፈተው በየ680 ቀኑ ገደማ ስለሆነ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ካልገጠመ ቀጣዩን የጁል ቀን ውሰዱ። በእጅ መፈለጉ ከሰለቻችሁ ፍላይባይ ፋይንደር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የፕላኔቶቹን ቅደም ተከተል ትሰጡታላችሁ፣ ቀኖቹን ይፈልግላችኋል። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ግን መጀመሪያ አንዴ በእጃችሁ ሞክሩት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ የሰጣችሁን ቁጥር ለምን እንደሰጣችሁ አታውቁም፣ መንገድ ላይ ሲበላሽም አታስተካክሉትም።

ሴቭ ስታደርጉ ደግሞ ስም ስጡት። ኤፍ 5 ብቻ ከተጫናችሁ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ የተበላሸውን ሴቭ ካደረጋችሁት መመለሻ የለም። ኦልትን ይዛችሁ ኤፍ 5 ስትጫኑ ስም ይጠይቃችኋል። ከእያንዳንዱ ማለፍ በፊት አንድ። ስሙም እኔ ኋላ እንደተጸጸትኩበት ‘አዲስ’፣ ‘አዲስ 2’ አይሁን፤ ‘ከኢቭ በፊት 50 ቀን’ ይሁን።

ስድስተኛዋ ሄደች። ኢቭን 3,000 ላይ፣ ከርቢንን 400 ላይ። 852 ቀን ቆየች። ተመልሳ ከርቢንን 80 ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ ሞተሩን ለኮስኩ። ለምን መሰላችሁ? ቅርብ ነጥቡ ላይ በጣም ትፈጥናላችሁ፣ በዚያን ጊዜ የምታቃጥሉት ነዳጅ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይሠራል። ለ100 ሜትር በሰከንድ ያህል ከፍዬ ከከርቢን ስወጣ ያለኝ ፍጥነት ከ2,550 ወደ 2,710 ወጣ። 160 ማለት ነው። መስመሩ ሄዶ ሄዶ ጁል ጋ ደረሰ። በቀጥታ ብሄድ 1,930፤ እኔ ማስተካከያዎቹን ሁሉ ጨምሬ ያወጣሁት 1,260። የቀረኝ 140። ጊዜው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በቀጥታ 1,120 ቀን ገደማ የሚፈጀው ከአምስት የከርቢን ዓመት በላይ ወሰደ። ታይም ዋርፕ ላለው ሰው ይህ ግድ አይሰጠውም።

በ140 ጁል ላይ ማቆም ግን አይቻልም። እዚህ ላይ ያቺ በሙን ፊት ያለፍኩባት የመጀመሪያ ምሽት ጠቀመችኝ። ከፊት ማለፍ ያስከስራል አላልኩም? ለማቆም የሚፈለገው መክሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር በቬነስ ያለፈችው ፍጥነቷን ቀንሳ ሜርኩሪ ጋ ለመውረድ ነበር፤ በአንዱ ፕላኔት ስበት ወደ ሌላው ፕላኔት ስትሄድ የመጀመሪያዋ ናት። የጁል ጨረቃ ታይሎ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ስፋቱ የከርቢንን ያህላል፣ ከባቢ አየር የለውም፣ ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ብትጠጉትም አያቃጥላችሁም። በታይሎ ምህዋር ርቀት ላይ ፍጥነቴ 3,360 ነበር። ጁል እንዲይዘኝ ከ2,870 በታች መውረድ አለብኝ። 500 ያህል መጣል ነው። ከፊቱ አለፍኩ።

ከታይሎ ጀርባ ስትገባ ምልክቱ ጠፋ። ይህንንም አስቡበት፤ ሰው አልባ መንኮራኩር ምልክት ሲጠፋባት ማኑቨር ኖድ አይሠራላትም፣ ስለዚህ ማስተካከያውን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ምልክቱ ሲመለስ ካርታው ላይ የተዘጋ ሞላላ ምህዋር ታየ። ጁልን እየዞረች ነው። አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳላወጣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሴቭ አድርጌ ተኛሁ።

በማግስቱ ከፍቼ፣ ትንሽ ላያት ብዬ ታይም ዋርፑን ለቀቅሁት። ቡና ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ስመለስ ጁል የለም። መንኮራኩሯ ፀሐይን እየዞረች ነው።

ታይሎ የያዛትን መልሶ ወረወራት። አዲሱ ምህዋሯ የታይሎን መንገድ በሁለት ቦታ ያቋርጥ ነበር፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ታይሎ እዚያ ጠበቃት፣ በዚህ ጊዜ ግን ያለፈችው ከኋላው ነው። የሌሊቱን ሴቭ ጫንኩ። ሩቁ ነጥብ ላይ እስክትደርስ በዝግታ ሄድኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ቅርብ ነጥቧን ከታይሎ መንገድ በላይ ማንሳት ነበር፤ ከ180 በላይ ይፈልጋል፣ የለኝም። ከዚያ ማኑቨር ኖዱ ላይ ኖርማል የሚለውን እጀታ ጎተት ሳደርገው ምህዋሯ ማዘንበል ጀመረ። 10 ዲግሪ ሲሆን የታይሎን መንገድ የምታቋርጥበት ቦታ ከስበት ክልሉ ውጭ፣ ከበላዩና ከበታቹ ሆነ። 120 ፈጀ። 20 ቀረኝ።